የጄኔራል ሚጌል ማልቫር የመጨረሻ የትግል ዓመት

የተከበራችሁ የታሪክ ወዳጆች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

የዛሬው ንግግሬ ስለ ፊሊፒንሳዊው ጄኔራል ሚጌል ማልቫር፣ ይልቁንም ስለ መጨረሻው የትግል ዓመታቸው ነው። የምጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማልቫር በ1865 ከማኒላ በስተደቡብ በምትገኘው በባታንጋስ ግዛት፣ በሳንቶ ቶማስ ተወለዱ። በማኪሊንግ ተራራ ብርቱካን አልምተው ሀብት ያፈሩ፣ የትውልድ ከተማቸውንም በሹምነት ያስተዳደሩ ሰው ነበሩ። በ1896 በስፔን አገዛዝ ላይ ሲነሡ ከአካባቢው ገበሬ ጋር የነበራቸው ትስስር ከጦርነቱ የቀደመ ነበር፤ እኔ የጽናታቸውን ምንጭ የማየው እዚያ ነው።

ስፔን በ1898 ተሸንፋ ደሴቶቹን በ20 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ ስትለቅ፣ ነፃነታቸውን አውጀው የነበሩት ፊሊፒንሳውያን በፌብሩዋሪ 1899 ከአዲሱ ገዥ ጋር ጦርነት ገጠሙ። በማርች 1901 ፕሬዚዳንት ኤሚሊዮ አጊናልዶ ምርኮኛ መስለው በቀረቡ የአሜሪካ መኮንኖች ፓላናን ላይ ተያዙ፤ በተከታዩም ወር ሕዝባቸው የአሜሪካን ሉዓላዊነት እንዲቀበል ጥሪ አቀረቡ። ሊተኳቸው የነበሩት ጄኔራል ማሪያኖ ትሪያስም አስቀድመው እጃቸውን ሰጥተው ነበር። ማልቫር ግን መሪነቱን ተረክበው ትግሉን ቀጠሉ። ዛሬ በአገራቸው ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ተብለው ሊታወቁ ይገባል የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ከማዕረጉ ይልቅ የሚከብደው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

የማልቫር ተዋጊዎች ቀን ገበሬ፣ ማታ ወታደር ነበሩ። ሩዙንም፣ ወሬውንም፣ መሸሸጊያውንም የሚያገኙት ከመንደሩ ነበር። ይህን የተረዱት አሜሪካዊው ጄኔራል ፍራንክሊን ቤል በዲሴምበር 1901 የገጠሩ ሕዝብ በከተሞች ዙሪያ ወደተከለሉ ቀጠናዎች እንዲገባ አዘዙ፤ እስከ ዲሴምበር 25 ያልገባ እህልና ከብት እንደሚወረስ ወይም እንደሚጠፋ አስታወቁ። ለካቶሊኩ ሕዝብ ቀኑ የገና ዕለት መሆኑን ልብ በሉልኝ። ከዚያ በኋላ ወታደሮቹ ከቀጠናው ውጭ ያገኙትን ጎተራና ቤት አቃጠሉ። የማረሻ ጎሾቹን ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ቀድሞ ፈጅቷቸው ስለነበር፣ ገበሬው የተረፈችውን እህል ሲያጣ የሚይዘው የሚጨብጠው አልነበረውም። በተጨናነቁት ቀጠናዎችም ረሃብ፣ ወባና ተቅማጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ጨረሱ።

አሜሪካ በ1898 ከስፔን ጋር ስትዋጋ፣ ስፔን የኩባን ገበሬዎች በካምፕ ማጎሯን እንደ አረመኔነት አውግዛ ነበር። አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ያንኑ ዘዴ በባታንጋስ ሥራ ላይ አዋለችው። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ያመኛል።

ማልቫር ተዋጊዎቻቸው ተመናምነው፣ ቤተሰባቸው ታሞ፣ ሕዝባቸው ተርቦ በኤፕሪል 16 ቀን 1902 እጃቸውን ሰጡ። ይህን እንደ ድክመት የሚቆጥር ካለ፣ በግቢው ታጉሮ የሚሞተው ልጅ የማን እንደነበር ይጠይቅልኝ። ቀጠናዎቹ የተከፈቱት ከዚያ በኋላ ነው። የዝናቡ ወራት እየቀረበ ስለነበር ገበሬው ሩዙን ሊዘራ ወደተቃጠለው መንደሩ ተመለሰ፤ ጄኔራሉም በ1911 በ46 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ወደ እርሻ ኑሯቸው ተመለሱ።