ዶክተሩ እኔን ጠየቀ፣ እማዬ መለሰች

እሺ፣ ሰላም ናችሁ ወይ። ዛሬ ባለፈው ቃል እንደገባሁላችሁ ስለ እኔና እማዬ የጉዞ ዝግጅት ነበር ላወራ ያሰብኩት፣ ሻንጣ ምናምን፣ የእማዬ ቦርሳ ውስጥ ምን ምን እንደገባ፣ እሱማ ራሱን የቻለ ኤፒሶድ ነው ታውቃላችሁ። ግን ሪከርድ ስጀምር አእምሮዬ ውስጥ ያለው የወባው ኪኒን ነው። ማለቴ ኪኒኑ ራሱ ሳይሆን... ቆይ እደርስበታለሁ፣ ከኪኒኑ ልጀምር።

ሰው እኮ የወባ መከላከያ ሲባል አንድ ኪኒን ብቻ ያለ ነው የሚመስለው። አይደለም። ዶክተሩ መጀመሪያ የጠየቀን የት አገር፣ የአገሩ የትኛው ክፍል፣ በየትኛው ወቅት፣ ለስንት ጊዜ ነው የምትቆዩት ብሎ ነው፣ እና እኔ በልቤ ይሄ ሁሉ ምን ያደርግለታል እያልኩ ነበር ግን ያደርጋል፣ ምክንያቱም ድሮ ሁሉም ይውጠው የነበረው ክሎሮኩዊን አሁን በአብዛኛው ቦታ አይሰራም፣ ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ የወባ አይነት ተላምዶታል። ለመከላከያ አሁንም የሚያገለግለው እንደ ሄይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ባሉ ጥቂት ቦታዎች ነው። ታይላንድና ካምቦዲያ ድንበር አካባቢ ደግሞ ሜፍሎኩዊን የሚባለውን ሌላ ኪኒንም ወባው ተላምዶታል። ስለዚህ ጓደኛዬ የወሰደችውን እኔም ልውሰድ የሚባል ነገር የለም፣ እሷ የሄደችበትና አንቺ የምትሄጂበት አንድ ላይሆን ይችላል።

እኛ ለምንሄድበት ሦስት አማራጭ ነበር ያስቀመጠልን። አንዱ ዶክሲሳይክሊን ነው፣ በየቀኑ የሚዋጥ፣ ቆዳን ፀሀይ ቶሎ እንዲያቃጥለው ያደርጋል፣ እና ደግሞ በብዙ ውሃ ነው የሚዋጠው፣ ውጦ ወዲያው ጋደም ማለት የለም፣ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል። ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች አይሰጥም። ሁለተኛው አቶቫኮን ከፕሮጓኒል ጋር የተዋሃደው ነው፣ ማላሮን የሚሉት፣ እሱም በየቀኑ ነው፣ ከጉዞው 1 ወይ 2 ቀን በፊት ይጀመራል፣ ከምግብ ወይም ከወተት ጋር ነው የሚወሰደው፣ ባዶ ሆድ ላይ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም፣ ኩላሊቱ በጣም ለተጎዳ ሰው ደግሞ አይሆንም። ሦስተኛው ሜፍሎኩዊን። በሳምንት አንዴ።

እማዬ በሳምንት አንዴ ሲባል ስትሰማ ፊቷ በራ። ታውቃላችሁ የግፊቷን ኪኒን በየቀኑ ነው የምትወስደው፣ እና ሌላ በየቀኑ የሚዋጥ መጨመር አትፈልግም፣ "በሳምንት አንዴ ከሆነማ እሱ ይሻለናል ዶክተር" አለች፣ ለሁለታችንም ወሰነች ማለት ነው። እሱም እሺም እንቢም ሳይል "እሱን ከመስጠቴ በፊት የምጠይቃችሁ ነገር አለ" አለ።

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ።

ሜፍሎኩዊን አንዳንድ ሰው ላይ አእምሮን ይነካል። የሚያስፈራ ህልም፣ ጭንቀት፣ ድብርት፣ ጥርጣሬ፣ ማዞር፣ ጆሮ ውስጥ መጮህ። በፈረንጆቹ 2013 የአሜሪካው የምግብና መድሀኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ከሁሉም ጠንካራ የሚባለውን ማስጠንቀቂያ አስለጥፎበታል፣ ማዞርና የጆሮ ጩኸቱ አንዳንዱ ላይ ኪኒኑን ካቆመ በኋላም ሳይለቅ ሊቆይ ይችላል ብሎ። ብዙ ሰው ምንም ሳይሆን ይወስደዋል፣ እሱን መደበቅ አልፈልግም፣ ለነፍሰ ጡር እንኳን የሚሰጠው እሱ ነው። ግን ድብርት ወይ ጭንቀት ለነበረበት ሰው ወይም የሚጥል በሽታ ላለበት አይሰጥም። ለዛ ነው ጥያቄው የሚጠየቀው።

ጠረጴዛው ላይ ፎርም ነበር፣ አዎ እና አይደለም የሚሉ ትንንሽ ሳጥኖች ያሉት። መጀመሪያ እማዬን ጠየቃት፣ "እርስዎ ድብርት፣ ከባድ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የሚጥል በሽታ ኖሮብዎት ያውቃል?" "የለም፣ ተመስገን" አለች። ምልክት አደረገ። ከዛ የኔን ፎርም ሳብ አድርጎ "አንቺስ?" አለኝ፣ እና አፌን ሳልከፍት እማዬ "ኧረ እሷም ምንም የለባትም" አለች።

በደስታ ነው ያለችው እኮ። ማለቴ ድምጿ ውስጥ ምንም የለም፣ ልክ ሻይ ስኳር ይኑረው ወይ አይኑረው ስትባል እንደምትመልሰው። እና እኔ የማየው እስክሪብቶውን ነው፣ ጫፉ አይደለም የሚለው ሳጥን ላይ ደርሷል፣ ገና አልነካውም፣ እኔን እያየ ነው፣ አንገቱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ። ያንን ዓመት የምታስታውሱ፣ ለወራት ኤፒሶድ የጠፋበትን፣ ከዛ ተመልሼ ለምን እንደጠፋሁ የነገርኳችሁን ታስታውሳላችሁ። እናንተ ታውቃላችሁ። የማላውቃችሁ ሰዎች ታውቃላችሁ፣ እና እዛ ክፍል ውስጥ እናቴ ምንም የለባትም እያለች ነው።

"ነበረብኝ" አልኩ። "ድብርትም ጭንቀትም። መድሀኒት ወስጃለሁ።"

እሱ ምንም አላለም፣ አልደነገጠም፣ "አሁንስ ትወስጂያለሽ?" አለ፣ አቁሜያለሁ አልኩት፣ አዎ የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ የሜፍሎኩዊንን ስም በአንድ መስመር ሰረዘው። "ይሄ ላንቺ አይሆንም፣ ከሌሎቹ እንመርጣለን።" በቃ። እማዬ ቦርሳዋን ከፈተች፣ የሆነ ነገር ፈለገች፣ ፈለገች፣ ምንም ሳታወጣ ዘጋችው።

እና ደጋግሜ የማስበው ይሄን ነው። እሺ ብዬ ራሴን ነቅንቄ ቢሆንስ? በጣም ቀላል ነበር። ያደግንበት እኮ ነው፣ እናት ከተናገረች አይታረምም፣ በተለይ ሰው ፊት። ያን ኪኒን ውጬ ሰው አገር ሌሊት ላይ ያ ነገር ተመልሶ ቢመጣብኝ... አላውቅም፣ ምናልባት ምንም አልሆን ነበር። ግን ስንት ሰው አለ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ፣ አለቃው አብሮት ገብቶ፣ ያ ጥያቄ ሲመጣ የለም ብሎ የሚወጣ? ኪኒን መምረጥ ማለት ለካ ያንን ጥያቄ በነፃነት መመለስ መቻል ነው፣ ስለዚህ እባካችሁ ብቻችሁን ግቡ፣ ወይም ለዶክተሩ አንዴ ለብቻችን እናውራ በሉት። ብዬ እመክራለሁ፣ ግን ደግሞ እኔ እማዬን ውጪ ሆኜ እጠብቅሽ ማለት እችል ነበር ወይ? እንጃ።

ከዛ እማዬ ያለችው ነገር ደግሞ። ዶክተሩ ለኔ ማላሮኑን ሲጽፍ፣ "ለኔም እሷ የምትወስደውን ይስጡኝ" አለች። በሳምንት አንዴ የሚለውን የወደደችው ሴትዮ! ለምን እንደሆነ አልተናገረችም፣ እሱም የኩላሊት ምርመራዋን አይቶ ጻፈላት። ይቅርታ መጠየቋ ነበር? ወይስ ሜፍሎኩዊን ለራሷም አስፈራት? እኔ እኮ ተናድጄ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ እና እሱን ስትል ንዴቱ የት እንደገባ አላውቅም፣ ግን ጠፋ ማለት አይደለም።

የሚገርማችሁ ከዛ በኋላ በጣም ጎበዝ ተማሪ ሆነች። "ከተመለስን በኋላ ደግሞ ለምን እንውጣለን?" ብላ ጠየቀችው፣ ሰውየው ወረቀት ላይ ጉበት ሳለ። ትንኟ ስትነክሰን ወባ የሚያመጣው ጥገኛ ተህዋስ ወዲያው ጉበት ውስጥ ነው የሚገባው፣ እዛ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ያህል ይባዛል፣ ትኩሳት የለም፣ ምንም አይሰማም፣ ከዛ ነው ወደ ደም ፈንድቶ የሚወጣው። ዶክሲሳይክሊንና ሜፍሎኩዊን በዋናነት ደም ውስጥ ነው የሚጠብቁት፣ ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ነክሳችሁ እንደሆነ ከጉበት እስኪወጣ መጠበቅ አለባቸው፣ ለዛ ነው ከተመለሱ በኋላ 4 ሳምንት የሚወሰዱት። ማላሮን ግን ጉበት ውስጥ እያለም ይመታዋል፣ ለዛ 7 ቀን ይበቃል። እኔ ይሄን ስሰማ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ምክንያቱን ሲነግሩህ እኮ ኪኒኑን መዋጥ ራሱ ይቀላል። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ አይነት ግን ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል፣ ያንን እነዚህ ሦስቱም አይነኩትም፣ ፕሪማኩዊን ወይ ታፌኖኩዊን ነው የሚያጠፋው፣ እነሱ ደግሞ ጂ ሲክስ ፒ ዲ የሚባለው ኢንዛይም በደም ምርመራ ሳይታይ አይሰጡም፣ ያ ኢንዛይም ለሚያንሰው ሰው ቀይ የደም ሴሉን ያፈርሱበታል።

አጎቴ ደግሞ፣ የምታውቁት አጎቴ፣ "እኔ በወባ ያደግኩ ሰው ነኝ ወባ አይነካኝም" ይላል። ጋሼ፣ ይነካዎታል! ያ መቋቋም ወባ ከሌለበት ቦታ ሲኖሩ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ዘመድ ጥየቃ ብለው ሄደው ታመው ከሚመለሱት ብዙዎቹ እንደዚህ ያሉ ሰዎች ናቸው። ለሱ ይሄን ለመንገር ምንም አልፈራሁም፣ ስልክ ላይ ጮኬበታለሁ። እማዬን ግን...

ያን ጊዜ ሌሊት ሌሊት አጠገቤ ቁጭ የምትለው እኮ እሷ ነበረች። ሌላ ማንም አልነበረም። ስለዚህ ረስታው አይደለም፣ መርሳት አትችልም። ምናልባት ለሷ አልቋል፣ ድናለች ብላለች፣ የዳነ ሰው ላይ ደግሞ ምን ይጻፋል ብላ ይሆናል። ወይም አፍራለች። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴ አንዱን ሳምን እነቃለሁ ሌላውን ሳምን እተኛለሁ።

ከዛ ቀን ወዲህ ስለ ኪኒኑ ብቻ ነው የምናወራው። ከምግብ ጋር ነው አይደል፣ ብንረሳውስ፣ ብናስመልሰውስ። ኪኒኑ ደግሞ መቶ በመቶ አይደለም፣ የወባ ትንኝ የምትነክሰው ከማምሻ እስከ ንጋት ስለሆነ ረጅም እጅጌ፣ ቅባት፣ አጎበር ያስፈልጋል፣ እና ከተመለሱ በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ትኩሳት ከመጣ ቶሎ ሄዶ የት እንደነበሩ መናገር ነው። አጎበሩን እኔ ነኝ የገዛሁት፣ ትልቁን፣ የምንተኛው አንድ አልጋ ላይ ስለሆነ፣ እና ሳጥፈው ምን አሰብኩ መሰላችሁ፣ ከዚህ ውስጥ ደግሞ ማን ወዴት ይሄዳል፣ እሷ ብቻ አይደለችም እኮ፣ እኔም አላነሳሁትም እስካሁን፣ ለናንተ ይኸው እያወራሁ ነው ለሷ ግን... ትሰማው ይሆን ይሄን? አንዳንዴ ትሰማለች፣ አልሰማሁም ትለኛለች ግን ትሰማለች። ከሰማች ደግሞ... እንጃ፣ ቆርጬ ላውጣው ይሆን ይሄን ክፍል፣ ወይስ ልተወው፣ እስቲ ነገ መልሼ ሰምቼ...