አምስት ወንበር፣ ስድስት በር

እንደምን አመሻችሁ? እናቶች፣ አባቶች፣ ከኋላ የቆማችሁ ልጆችም።

አዘጋጆቹ «ስለ ፉትቦል ተናገርልን» ሲሉኝ መጀመሪያ የጠየቅኳቸው «የትኛውን?» ብዬ ነው። ሄልሜት የሚደረግበትን፣ የአሜሪካውን ነው አሉኝ። ልጄ ሃይስኩል ከገባ ወዲህ ዓርብ ማታ ከሜዳ ዳር ጠፍቼ አላውቅም። አሁን ደግሞ ታዳጊዎችን በማሰልጠን አግዛለሁ። ኳሱን ስለሚወረውረው ስለ ኳርተርባክ አላወራም፤ ስለሱ ቴሌቪዥኑ ያወራል። የማወራው እጃቸውን መሬት ላይ ተክለው ፊት ለፊት ስለሚላተሙት፣ ስለ ዲፌንሲቭ ላይን፣ ማለትም ስለ መከላከያው የፊት መስመር ልጆች ነው። ከእናንተ ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ «ልጄ ግዙፍ ነው፣ ጉልበታም ነው፣ ታዲያ ለምን አይታይም?» የሚል ነውና።

እዚህ ፊቴ አምስት ወንበር ደርድሬያለሁ። የተቃራኒው ቡድን የፊት መስመር በሉት። መሃለኛው ሴንተር፣ ግራና ቀኙ ጋርዶች፣ ዳርና ዳሩ ታክሎች። በመሃላቸው አራት ክፍተት አለ። ከታክሎቹ ውጪ ያለውን በሁለቱም በኩል ጨምሩበት፤ ስድስት። እኔ በር እላቸዋለሁ። ኳስ የያዘው ሯጭ ከነዚህ ባንዱ ነው የሚወጣው። መከላከል የሚጀምረው «የትኛውን በር ማን ይጠብቅ?» ከሚለው ነው።

አንዳንዱ አሰልጣኝ ለአንድ ልጅ አንድ በር ይሰጠዋል። ኳሱ ሲነሳ ተስፈንጥረህ ግባ ይለዋል። እዚህ የሚፈለገው የመጀመሪያዋ እርምጃ ፍጥነት ናት። አሮን ዶናልድን ውሰዱ። በ2014 ራምስ የሚባለው የፕሮፌሽናል ቡድን ሲመርጠው 130 ኪሎ አይሞላም፤ ለቦታው አጭርና ቀላል ነው የሚሉ ነበሩ። ከጋርዱ ትከሻ አጠገብ እየተነሳ በ2018 ብቻ ኳርተርባኩን 20.5 ጊዜ ጣለ። ግማሿ ሁለት ሰው አብሮ ሲጥል የምትቆጠር ናት፤ ሰውየውማ ግማሽ አይወድቅም።

የራምስ መከላከል በወቅቱ ወረቀት ላይ ሶስት-አራት ይባል ነበር፤ ሶስት ሰው ፊት፣ ከነሱ ኋላ የሚቆሙ አራት ተከላካዮች፣ ላይንባከር የሚባሉት። አሰልጣኙ ዌድ ፊሊፕስ ነው። ቀደም ብሎ ሂውስተን እያለ ጄጄ ዋት በሱ ስር በ2012 ልክ 20.5 ሳክ አስመዝግቧል፤ ሳክ የሚባለው ያ ኳርተርባኩን መጣል ነው። ስለዚህ በቁጥሩ አትሸወዱ። ሶስት-አራትም ሆነ አራት-ሶስት፣ ጠይቁ ከተባለ የሚጠየቀው ልጁ ስንት በር እንደተሰጠው ነው።

ምክንያቱም ሁለት በር የሚሰጥም አለ። ቪንስ ዊልፎርክ፣ ኒው ኢንግላንድ በ2004 የመረጠው፣ 147 ኪሎ ገደማ። ይኸው፣ መሃለኛው ወንበር ፊት ቆምኩ። ሴንተሩን ደረቱ ላይ በሁለት እጄ ይዤ፣ ክንዴን ዘርግቼ አርቀዋለሁ። አልሮጥም። ሯጩ በግራ ይሁን በቀኝ እስኪለይልኝ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ሴንተሩን ወደ ጎን ጥዬ በዚያ በኩል እዘጋለሁ። ጋርዱ ሴንተሩን ሊያግዝ ከመጣ ደግሞ እሰየው! ሁለት ሰው እኔ ላይ ከዋለ ከኋላዬ ያለው ላይንባከር ነጻ ነው። ለዚህ ረጅም ክንድ፣ ከባድ ዳሌና ትዕግስት ያስፈልጋል። ለፈጣኑ ልጅ ትዕግስቱ ነው የሚከብደው።

ያኔ እዚሁ ዲሲ ታክሲ ትነዱ የነበራችሁ አልበርት ሄይንስዎርዝን ታስታውሳላችሁ። በ2009 ዋሽንግተን የሰባት ዓመት፣ የ100 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመለት። ቴነሲ ሳለ ስሙን ያስጠራው በር ሰብሮ በመግባት ነበር። በ2010 ማይክ ሻናሃን መጣና ዘዴውን ወደ ሶስት-አራት ቀይሮ፣ መሃል ቆመህ ያዝልኝ አለው። ሰውየው አሻፈረኝ አለ። በመጨረሻዎቹ አራት ጨዋታዎች ታገደ፤ በ2011 ለሌላ ቡድን ተሰጠ። ጥፋቱ ሁሉ የዘዴው ነው አልልም፤ ስለ ልምምዱም ብዙ ተብሏል። ግን ያን ሁሉ ብር ከፍለው ገዝተውት፣ ዓመት ሳይቆይ ሌላ ሥራ መስጠት ለኔ አሁንም አይገባኝም።

የኔም ልጅ ደርሶበታል። ከዳር ወደ መሃል ሲያመጡት ስሙ ከማይክሮፎን ጠፋ። ተናድጄ አሰልጣኙ ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው ሳይቆጣ ላፕቶፑን ከፍቶ አንድ ጨዋታ አሳየኝ። ልጄ ሁለት ሰው ተጭኖት ጉልበቱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሯጩ በር ፈልጎ አጣ፣ ቆመ፤ ላይንባከሩ መጥቶ ዘረረው። ስታዲየሙ የጮኸው ለላይንባከሩ ነበር። እኔም እዚያው ቁጭ ብዬ ለላይንባከሩ ነበር ያጨበጨብኩት።

እናቶች «ምን ላብላው?» ትሉኛላችሁ። እባካችሁ ለቦታው ብላችሁ አታደልቡት። 90 ኪሎ የሆነ ፈጣን ልጅ ሲወፍር ፍጥነቱን ያጣል፤ ዊልፎርክንም አይሆንም። ይልቅ አሰልጣኙን «ስንት በር ነው የሰጠኸው?» በሉት። «ሁለት» ካላችሁ የሳኩን ቁጥር እርሱት፤ ከኋላው ያሉት ላይንባከሮች ስንት ሰው እንደጣሉ ቁጠሩ። «አንድ» ካላችሁ ደግሞ ኳሱ ሲነሳ የመጀመሪያ እርምጃውን ብቻ ተመልከቱ። ከሌላው ልጅ ቀድሞ ይነሳል ወይስ አይነሳም?

ጥያቄ ካላችሁ ቡናው እስኪደርስ እዚሁ ነኝ። ልጆች፣ ወንበሮቹን ወደ ኋላ ውሰዱ፤ የቆሙ አባቶች አሉ።