ጋዙ እዚህ፣ ማሽኑ እዚያ

የተከበራችሁ የዩኒቨርሲቲ አመራሮች፣ የድህረ ምረቃ ዲኖች፣ መምህራንና ተማሪዎች፤ በተለይ ደግሞ ከባሕር ዳርና ከእንጅባራ ሌሊት ተነስታችሁ ደብረ ማርቆስ የገባችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን አደራችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «የጎረቤት ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር ለድህረ ምረቃ ትምህርት ያለው ጠቀሜታ» የሚል ነው። ጠቀሜታውን የማያውቅ ሰው በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። አዘጋጆቹን ይቅርታ ጠይቄ ርዕሱን ወደ ጎን ላድርገውና ስለ አንድ ጆንያ አፈር ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የማማክረው የማስተርስ ተማሪ ነበር፤ የጮቄ ግርጌ ልጅ። የምርምር ጥያቄውን ያመጣው ከአባቱ ማሳ ነው። ድሮ ገብሱ ሰው ይውጥ የነበረ መሬት ዛሬ ማዳበሪያ ቢጭኑበትም አይመልስም፤ አፈሩ ኮምጥጧል። የሙያው ሰዎች እንደምታውቁት ፒኤቹ (ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አፈሩ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየሙ እየሟሟ የሥሩን ጫፍ ይቀጨዋል። በውድ የገዛነውን ፎስፈረስም አፈሩ አንቆ ይይዘዋል። መድኃኒቱ ኖራ እንደሆነ ገበሬውም ሰምቷል። ለየትኛው ማሳ ስንት ኩንታል? ልጁ መመለስ የፈለገው ይህንን ነበር፤ ለዚህም የአፈሩን ካልሲየምና ማግኒዥየም በአቶሚክ አብዞርፕሽን፣ ማለትም ናሙናውን በአሲቲሊን ጋዝ ነበልባል አቃጥሎ ንጥረ ነገሩን በሚለካ ማሽን፣ መለካት ነበረበት።

በእኛ ላብራቶሪ የአሲቲሊን ጋዝ ሲሊንደር ነበረ። ማሽኑ ግን አልነበረም። ያለ ማሽን ጋዝ ምን ያደርጋል አትበሉኝ፤ ማሽኑ «በሚቀጥለው በጀት» ይመጣል ተብሎ ጋዙ ቀድሞ ተገዝቶ ነው። ማሽኑ የሚገኘው ጎረቤት ዘንድ ነው። የእነሱንም የእኛንም ስም አልጠራም፤ ሁላችሁም በየግቢያችሁ ታውቁታላችሁ።

ደብዳቤ ጻፍን። ደብዳቤው ከትምህርት ክፍል ወደ ዲን፣ ከዲን ወደ ምክትል ፕሬዚዳንት ሽቅብ ወጣ። ከማዶ ደግሞ በዚያው መሰላል ቁልቁል ወረደ። አራት ወር ፈጀ። በአራት ወር ጤፍ ተዘርቶ ይታጨዳል!

ፈቃዱ እንደመጣ ልጁ ስልሳ ናሙና አድርቆ፣ ፈጭቶ፣ በየፌስታሉ ምልክት አድርጎ በአንድ ጆንያ ከተተና መናኸሪያ ወረደ። ረዳቱ ጆንያውን ሊጭን ሲያነሳ ከበደው።

«ጤፍ ነው?»

«አይ፣ አፈር ነው።»

«የምን አፈር?»

«የጮቄ።»

ረዳቱ ወደ ተሳፋሪው ዞሮ «ጎጃም አፈር አልቆበት በመኪና ያስጭን ጀመር!» አለና የጭነት ሂሳብ ተቀበለው። ሳቁ፤ እኔም ሲነግረኝ ስቄአለሁ።

እዚያ ሲደርስ ማሽኑ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ ተቀምጧል። የላብራቶሪው ባለሙያ ደግ ሰው ነው፤ ገልጦ አሳየው። ማሽኑ ደህና ነው፣ አዲስ ነው፤ ጋዝ ግን የለም። ልጁ ደወለልኝ፤ «ጋሼ፣ ጋዝ ጨርሰዋል» አለኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ የእኛን ሲሊንደር አየዋለሁ፤ ጥግ ላይ ቆሞ አቧራ ለብሷል። ሲሊንደሩን እንላክላቸው ብዬ ንብረት ክፍል ሄድኩ። የተሰጠኝን መልስ በቃሌ አውቀዋለሁ፦ «ቋሚ ንብረት ከግቢ አይወጣም።» ጋዝ ቋሚ ንብረት የሚሆነው በየትኛው ኬሚስትሪ ነው?

ጆንያው መጨረሻ ላይ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ሄደ። ለምርመራው የተከፈለው ከአባቱ በጎች ሽያጭ ነው። ልጁ ከጓደኞቹ አንድ ዓመት ዘግይቶ ተመረቀ።

አሁን ደግሞ አጎቴን ላንሳ። መሪጌታ ነበሩ። ቅኔውን እዚሁ ጎጃም ተቀኝተው ሲያበቁ ድጓ ለማስመስከር ደበሎአቸውን ለብሰው፣ አኩፋዳቸውን አንጠልጥለው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ወረዱ። ከዚያ ዝማሬ መዋሥዕት ብለው ዙር አምባ ወጡ። አቋቋም ሲያምራቸው ጎንደር ገቡ። ቅኔ እነ ዋሸራና ጎንጅ ዘንድ፣ ድጓ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ ዙር አምባ፤ እያንዳንዱ ጉባኤ የሚመሰክርበት ሙያ አለው፤ አንዱ የሌላውን ሊቀማ አይሞክርም። ማንም ጉባኤ ቤት «ሁሉን እኔው ዘንድ ከፍቻለሁ» ብሎ አላወጀም። አጎቴን የኔታ የጠየቋቸው «ማን ዘንድ ተማርክ?» ብለው ነው። ከዚያ «በል እስቲ፣ አሰማኝ» ተባሉ፤ አሰሙ፤ እንደ ችሎታቸው ቦታ ተሰጣቸው። ደብዳቤ የለ፣ ማኅተም የለ።

የአብነቱ ትምህርት ችግር አልነበረበትም አልልም። ውሻውም ረሃቡም እከኩም ነበረ፤ አጎቴ እስኪሞቱ እግራቸው ላይ የውሻ ጥርስ ነበረ። ነገር ግን ተሜ ከመምህር ወደ መምህር ሲሻገር የተማረው አይሰረዝበትም ነበር። የእኛ ተማሪ ጎረቤት ዩኒቨርሲቲ ሄዶ አንድ ኮርስ ቢወስድ፣ ኤ ይዞ ቢመለስ፣ ሬጅስትራሩ «ኮዱ አይመሳሰልም» ይለዋል። የኮርሱ ስም አንድ፣ ክሬዲት ሰዓቱ አንድ፣ አስተማሪው እንኳ አንዳንዴ ያው ሰው ነው! ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እንጅባራ መሐል መንገዱ ላይ ናት። ባለፉት ዓመታት መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት እንዴት እንደከረምን ታውቃላችሁ፤ እሱን አልነካካውም። እኔ የምናገረው መንገዱ ክፍት እያለ ስለዘጋነው በር ነው።

አይቻልም የሚለኝ ሰው ካለ ሁለት ነገር ልጥቀስለት። አንደኛው ሩቅ አይደለም፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው ፖሊቴክኒክና ኋላ የመጣው የመምህራን ማሠልጠኛ፣ ሁለት የጣና ዳር ጎረቤታሞች፣ በ1992 ዓ.ም. አንድ ሆነው የቆመ ነው። ሁለተኛው ናይሮቢ ነው። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ምርምር ኮንሰርቲየም እ.ኤ.አ. በ1993 የጋራ የማስተርስ ፕሮግራም ሲጀምር የየአገሩ ተማሪ ዋና ዋና ኮርሶቹን በየዩኒቨርሲቲው ይማራል፤ የምርጫ ኮርሶቹን ግን ሁሉም ናይሮቢ ተሰብስቦ ይወስዳል፤ ዲግሪውን የሚሰጠው የገዛ ዩኒቨርሲቲው ነው። ለምን? ለሦስት ተማሪ ብሎ በየአገሩ አንድ ስፔሻሊስት መቅጠር ስለማያዋጣ። ድንበር፣ ፓስፖርት፣ የምንዛሪ ለውጥ አልፈው ተስማሙ። እኛ አንድ ሽሮ እየበላን፣ በአንድ ቋንቋ እየተሳደብን፣ አንድ የኮርስ ኮድ ማስማማት አቃተን?

የመግባቢያ ሰነድ አለን ትሉኛላችሁ። አለን፣ ሞልቶናል! እኔ ራሴ በሦስት የፊርማ ሥነ ሥርዓት ላይ ፎቶ ተነስቻለሁ። ፎቶዬ ከዓመት ዓመት እያረጀ ነው፤ ሰነዱ ግን ፋይሉ ውስጥ እንደ አዲስ አለ፤ ማንም አልነካውማ። ዛሬም ከሰዓት በኋላ ፊርማ አለ መሰለኝ፤ ጠረጴዛው ላይ አበባ አይቻለሁ። ያ ሰነድ የኮርስ ዝርዝር ካልተያያዘበት፣ እያንዳንዱ ኮርስ ማን ዘንድ እንደሚሰጥና ክሬዲቱን ማን እንደሚመዘግብ ካልተጻፈበት፣ እኔ ለፎቶው አልቆምም።

ሌሎች ነጥቦች ነበሩኝ። የማማከር ሥራ ጎረቤት ዘንድ ሲሠራ በመምህሩ ሎድ (የሥራ ጫና) ላይ ይቆጠር፤ አሁን እንደ ጽድቅ ሥራ ነው የሚታየው። የውጭ ፈታኝ ለዲፌንስ (ለመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ ፈተና) ሁልጊዜ ከአዲስ አበባ ለምን እንደምናስመጣም አይገባኝም፤ በአበሉ ስንት ሲሊንደር ይሞላ ነበር። ላብራቶሪን በተመለከተ፣ ማን ምን ማሽን እንዳለው አንድ ገጽ ዝርዝር ይበቃል። ሰዓቴ እንዳለቀ ሰብሳቢው ምልክት እያሳዩኝ ነው።

ሦስቱ ሬጅስትራሮች ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንድ ላይ ተቀምጣችሁ አያችኋለሁ፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ እንዲህ ጎን ለጎን ስትቀመጡ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። የአፈር ሳይንስ ኮርሶችን ዝርዝር በሦስት ኮፒ ይዤ መጥቻለሁ። ሻይ ላይ እንዳትጠፉብኝ።

አመሰግናለሁ።