ደረጃው ላይ የቆመችው ንግሥት

(በንባብ ክበባችን ዓመታዊ የመዝናኛ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የክበባችን አባላት፣ በጠመኔ ብናኝ ያሳደግኋችሁ ልጆቼ፤ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ ደውለው «ቲቸር፣ ዘንድሮ ጦርነት ይቅርብን፤ ስለ ነገሥታት ፍቅር ቀለል ያለ ነገር ይንገሩን» አሉኝ። ባለፈው ዓመት ስለ መቅደላ አንድ ሰዓት ከሩብ ተናግሬ ራታችሁን ስላቀዘቀዝኩባችሁ ነው። ገብቶኛል። ዛሬ ሰው አልገድልም።

ይዤላችሁ የመጣሁት የእንግሊዟን ንግሥት ቪክቶሪያንና ጀርመናዊውን ልዑል አልበርትን ነው። ዘመኑን በፈረንጆቹ ስለምቆጥር ሰባት ስምንት እየቀነሳችሁ ተከተሉኝ።

ሁለቱ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። በ1819 በሦስት ወር ልዩነት ተወለዱ። እሷን እንግሊዝ ሄዳ ያዋለደችው ጀርመናዊት አዋላጅ አገሯ ተመልሳ እሱንም ተቀበለች። ከዚያ በኋላ ነገሩን አጎታቸው ሊዮፖልድ ያዘው። የቤልጅየም ንጉሥ ነው፤ ጋቢ አይደርብ እንጂ ለይቶለት ሽማግሌ ነበር። በ1836 ልጆቹ እንዲተያዩ ተደረገ። አልበርት ግን ማምሸት አይችልም፤ በልደቷ ጭፈራ ላይ ፊቱ ወረቀት መስሎ ገብቶ ተኛ። ለእጮኝነት የታሰበው ልጅ ተኛ!

በዓመቱ ቪክቶሪያ በ18 ዓመቷ ነገሠች። እስከዚያች ቀን ድረስ የምትተኛው እናቷ ክፍል ነበር። እጇን የሚይዝ ሰው ከሌለ ደረጃ መውረድ እንኳ አይፈቀድላትም። ይቺን ደረጃ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። ስትነግሥ መጀመሪያ ካደረገቻቸው ነገሮች አንዱ አልጋዋን ከእናቷ ክፍል ማስወጣት ነው። ያላገባች ልጅ ግን ከእናቷ ጣራ ሥር መኖር አለባት የሚል ወግ አለ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ሜልበርን «ካገባሽ እኮ ትገላገያለሽ» ቢላት ደነገጠች። በሐምሌ 1839 ለአጎቷ ጻፈች፤ ቃል የገባሁለት ሰው የለም፣ ሁለት ሦስት ዓመት ሳይሞላም አይታሰብም አለች።

እንግዲህ ዛሬ የመጣሁት ስለዚህች ደብዳቤ ነው። ይህን ታሪክ የሚተርክልን ሁሉ ይዘላታል። ወይም «አፍራ ነው» ይላል። ለምን ታፍራለች? የአገር ሰነድ በየቀኑ የምትፈርም ልጅ «ገና ነኝ» ካለች፣ ገና ናት! እኛ ግን ሴት ልጅ «ገና ነኝ» ስትል «እሺ ለማለት እየተሽኮረመመች ነው» ብሎ መተርጎም ለምዶብናል።

እኔን ጠይቁኝ። ያኔ 27 ዓመቴ ነበር፤ ደመወዝ አለኝ፣ የተከራየሁት ቤት አለኝ። አክስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በየበዓሉ ገና ዳቦው ሳይቆረስ «ዓለምሽን ሳላይ ልሙት?» ትላለች። አንድ ፋሲካ ጭራሽ ሰውየውን ከነእናቱ ይዛው መጣች። ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ጠቦታል። ዶሮ ወጥ ቀረበ። አክስቴ እሱን ታያለች፣ እናቱ እኔን ያያሉ፣ እኔና እሱ እንቁላሉን እናያለን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከአፉ የወጣው «ጨው አለ?» ብቻ ነው። ጨው ደግሞ ፊቱ ነበር። ሲሸኝ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ «ይቅርታ፣ እናቴ ናቸው ያመጡኝ» አለኝ። «እኔንም አክስቴ ናት ያስቀመጠችኝ» አልኩት። እንደዚያ ስቄ አላውቅም። እሱ ኋላ ወዶ አገባ፤ እስከ ዛሬ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ይደውልና «ጨው አለ?» ይለኛል።

እኔ አላገባሁም። ሰፈሩ «ቆማ ቀረች» አለ። እውነታቸውን ነው! ሠላሳ አራት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ቀርቻለሁ። እናንተን ተቀምጬ ያስተማርኩ መሰላቸው እንዴ?

ወደ ደረጃዋ ልመለስ። አልበርትም ሰልችቶታል። በጥቅምት 1839 ወደ ዊንዘር ቤተ መንግሥት ሲጓዝ «ዝም ብለሽ ልታቆይኝ ከሆነ እኔ አልጠብቅም» ሊላት ቆርጦ ነበር። ባሕሩ ሲያናውጠው መጣ፣ ሻንጣው ደግሞ አልደረሰም። ለራት የሚቀይረው ልብስ ስላልነበረው ማዕዱ ላይ አልተገኘም። የማትፈልግ ንግሥት፣ ያኮረፈ ልዑል፣ የጠፋ ሻንጣ! ቪክቶሪያ ደረጃው አናት ላይ ቆማ ተቀበለችው። ከሥር ሲወጣ አየችው፤ ያን ዕለት መልኩን እያደነቀች ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። አየችውና አማራት፤ በቃ። በአምስተኛው ቀን፣ ጥቅምት 15፣ አስጠርታ «አግባኝ» አለችው። ንግሥትን ደፍሮ የሚጠይቅ ስለሌለ ጠያቂዋ ራሷ መሆን ነበረባት። ያቺ ያለ ደጋፊ አትውረድ የተባለች ልጅ እኮ ናት!

የቀረውን ላሳጥረው። የካቲት 1840 ተጋቡ። ጫጉላው ረዘም ይበል ቢላት፣ ንግሥት መሆኔን ረሳኸው ወይ፣ ምክር ቤት ተከፍቷል፣ ሁለት ሦስት ቀንም ብዙ ነው ብላ ጻፈችለት። ምክር ቤቱም የታሰበለትን 50,000 ፓውንድ የዓመት አበል ወደ 30,000 ቀነሰበት። በወራት ውስጥ ለወዳጁ «ባል ነኝ እንጂ የቤቱ ጌታ አይደለሁም» ብሎ አማረረ። ዘጠኝ ልጅ ወለዱ። 1861ን ሰው አልገድልም ስላልኩ እዘላታለሁ።

«አፄ ቴዎድሮስ ቪክቶሪያን ለጋብቻ ጠይቀዋል ወይ?» የምትሉኝ ደግሞ አላችሁ፤ እጃችሁን አውርዱ። በ1862 የላኩት ደብዳቤ ስለ ወዳጅነት፣ ስለ መልእክተኞችና ስለ ቱርክ ነው። ጋብቻ የሚል የለበትም። ወሬውን ያናፈሱት ፈረንጆቹ ናቸው፤ እኛ ደግሞ ደስ ብሎን ተቀበልናቸው።

የወጡ ሽታ ደርሶኛል፣ ዘንድሮ አላቀዘቅዝባችሁም። ግን ከኋላ ጠረጴዛ የተቀመጣችሁ እናቶች፣ ከጎናችሁ ያለችውን ልጅ «አንቺስ መቼ ነው?» ስትሏት ብሰማ ተነሥቼ እመጣለሁ። ጆሮዬ ገና ደኅና ነው።