አህመዳባድ ከመጣችሁ አይቀር

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለምኖርባት ከተማ፣ በህንድ ጉጃራት ክልል ስላለችው አህመዳባድ ላወራችሁ ነው።

ከአገር ቤት ወደ ህንድ የሚመጣ ሰው አንዱ ለትምህርት፣ አንዱ ለንግድ፣ አንዱ ደግሞ በሽተኛ ይዞ ለሕክምና ነው። አስታማሚ ሆኖ የመጣው ከማረፊያው ሆስፒታል፣ ከሆስፒታሉ ማረፊያው ሲመላለስ ይከርምና ከተማዋን ሳያያት ይመለሳል። ይሄ ያንገበግበኛል። ጭንቀቱ ይገባኛል። ግን የምርመራ ውጤት እስኪደርስ ግማሽ ቀን ትተርፋለች። እሷን ግማሽ ቀን ለአሮጌዋ ከተማ ስጧት።

ከኅዳር እስከ የካቲት ከመጣችሁ ታድላችኋል። ግንቦት ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ያኔ መውጣት በማለዳ ነው፤ ካልሆነም ከመሸ በኋላ።

በማለዳ ካሉፑር ወደሚባለው ሰፈር ሂዱ። በ1822 የተሠራ ስዋሚናራያን የሚባል የሂንዱ ቤተ መቅደስ አለ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራላችሁ። ማዘጋጃ ቤቱ የሚያዘጋጀው የእግር ጉብኝት ከዚያ ተነስቶ ጃማ መስጊድ ላይ ያበቃል። በኛ 2 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ።

ጉዞው ፖል በሚባሉት ሰፈሮች ውስጥ ለውስጥ ነው። የሰፈር በር አላቸው፤ ቤቶቹ ተጠጋግተው መንገዱ ሁለት ሰው በጭንቅ ያሳልፋል። በረንዳው የተቀረጸ እንጨት ነው። ከቤቱ ሥር የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ አለ። መሃል ላይ ደግሞ ለወፎች እህል የሚቀመጥበት ማማ ቆሟል። ይህችን በ1411 በሱልጣን አህመድ ሻህ የተቆረቆረች ከተማ ዩኔስኮ በ2017 የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቧታል፤ ከህንድ ከተሞች የመጀመሪያዋ ናት። ሰው ግን ይኖርባታል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ የሰው ደጃፍ ነው።

አሁን የምነግራችሁ ቦታ ላይ ትንሽ ልቆይ። ላል ዳርዋጃ አካባቢ የሲዲ ሰይድ መስጊድ አለ። ትንሽ ነው። መኪናና ባጃጅ ዙሪያውን ስለሚራወጥ ሳታዩት ልታልፉት ትችላላችሁ። በ1572 እና 73 ያሠራው ሲዲ ሰይድ ሐበሻ ነው። ቢላል ጃጃር ካን የተባለ የሐበሻ የጦር አዛዥ ተከታይ ነበር። በዚያ ዘመን በጉጃራት ሱልጣኖች ጦር ውስጥ ከኛ አካባቢ የመጡ ብዙ ወታደሮች ነበሩ። ብዙዎቹ በባርነት ተሸጠው ነው ባሕር የተሻገሩት። ከነሱ መካከል መኳንንት እስከ መሆን የደረሱ አሉ።

የመስጊዱ መስኮቶች ከድንጋይ የተፈለፈሉ ናቸው። አንዱ ላይ ዛፍ አለ። ቅርንጫፎቹ ተጠላልፈው መስኮቱን ሞልተውታል፤ የእናቶቻችንን ኪሮሽ ነው የሚመስለው። ዛሬ ያ ዛፍ የከተማዋ መለያ ሆኗል። አይአይኤም አህመዳባድ የሚባለው ታዋቂ የሥራ አመራር ተቋምም አርማውን የወሰደው ከሱ ነው። መስኮቱ በምዕራብ በኩል ስለሆነ ከ10 ሰዓት በኋላ ሂዱ፤ የማታዋ ፀሐይ በዛፉ ውስጥ ታልፋለች። ጫማ ይወልቃል። በሶላት ሰዓት ውጭ ይጠበቃል። ሴቶች ወደ ውስጥ አትግቡ ልትባሉ ትችላላችሁ፤ ዞራችሁ ከጀርባ በኩል እዩት፣ ከውጭም በደንብ ይታያል።

እዚያ በቆምኩ ቁጥር ደረቴ ይሞላል። እነዚያ ሰዎች እንዴት እንደመጡ ሳስብ ደግሞ ሆዴ ይባባል። ከአገሬ ሰው ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሜ የምወስደው እዚያ ነው።

ወደ ምግብ እንለፍ። ጉጃራት ውስጥ ሥጋ የማይበላው ሕዝብ ብዙ ነው፤ የትም ብትሄዱ ቬጅ የሚል ጽሑፍ አለ። ጾመኞች ይሄን ስታዩ ደስ ይላችኋል። ጠብቁ! ቬጅ ሆነ ማለት የጾም ሆነ ማለት አይደለም። ቅቤ አለው፣ እርጎ አለው። ከምሳ ጋር ቻስ የሚሉት የእርጎ መጠጥ ይመጣል። ቂጣው ራሱ ከምጣድ ሲወጣ ቅቤ ይቀባል። ስለዚህ ስታዙ «ጊ ቫጋር» በሏቸው፤ ያለ ቅቤ ይሠሩላችኋል። እርጎና ወተቱንም ለየብቻ ጥቀሱ። ምስር ወጣቸው ስኳር ስኳር ይላል፤ ለኛ ምላስ መጀመሪያ ግር ይለዋል። መጠጥ ደግሞ ጉጃራት ክልል ከሆነችበት ከ1960 ጀምሮ ክልክል ነው። ለዘመድ ብላችሁ አረቄ በሻንጣ እንዳትይዙ።

ማታ ማኔክ ቾክ ነው። ቀን ቀን የወርቅ ገበያ ነው። የሱቆቹን ደጃፍ ጠርገው አቧራውን የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፤ አጥበው የወርቅ ብናኝ ያወጡበታል። ሱቆቹ ሲዘጉ፣ 3 ሰዓት ገደማ፣ አደባባዩ በምግብ ሻጭ ይሞላል። እስከ እኩለ ሌሊት ይበላል። ፓቭ ባጂ እዘዙ፤ የተፈጨ አትክልት በዳቦ ነው፣ ቅቤው ግን ከላይ ይፈሳል።

ጥር 6 አካባቢ ከመጣችሁ የኡታራያን በዓል ነው። ከተማው በሙሉ ጣራ ላይ ወጥቶ የወረቀት ካይት ያበርራል። ክሩ በጠርሙስ ብናኝ የተለበጠ ስለሆነ ሰው ይቆርጣል። የዚያን ቀን ሞተር ላይ አትውጡ።

በሽተኛው መቀመጥ ከቻለ ይዛችሁት ወደ ሳባርማቲ አሽራም ሂዱ። መግቢያው ነፃ ነው፤ የዛፍ ጥላ አለ፤ ወንዝ ዳር ነው። ጋንዲ ከ1917 ጀምሮ የኖሩበት ነው። ማርች 12 ቀን 1930 የእንግሊዞቹን የጨው ሕግ ለመጣስ ባሕር ዳርቻ ወዳለችው ዳንዲ በእግር የተነሱትም ከዚሁ ግቢ ነው።

ግማሽ ቀን ከተጨመረላችሁ አዳላጅ አለላችሁ። ከከተማው በስተሰሜን ነው። በ1499 የተጠናቀቀ፣ 5 ፎቅ ወደ ታች የሚወርድ የውሃ ጉድጓድ ነው፤ ግድግዳው ሁሉ ቅርጻ ቅርጽ። ባለባጃጁ ጠብቆ እንዲመልሳችሁ የደርሶ መልሱን ሂሳብ ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ። ደረጃው ብዙ ስለሆነ ጉልበቱን የሚያመውን ሰው ከላይ አስቀምጡት። በሉ፣ ደህና ሁኑልኝ።