ጓዳው ባዶ ነበር

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ወንበሩ እንደለመደው ይጮሃል። አዎ፣ አልቀየርኩትም፤ መልእክት አትላኩልኝ።

ዛሬ ስለ እንቅልፍ አወራለሁ ብዬ ነበር። ይቅር። ልጆችን የሚረዳው ክርስቲያናዊ ድርጅታችን የቦርድ ስብሰባ ከራሴ አልወጣ ብሎኛል። ያው «ካልኩሌተር» የምለው፣ በጀት በጀት የሚለው ሰውዬ ያለበት ቦርድ። እሱ እንኳ ፖድካስት አያዳምጥም፤ ጊዜ ማባከን ነው ይላል፤ ስለዚህ እንደልቤ ላማው እችላለሁ።

ነገሩ ከውጭ ሲታይ ምንም አይደለም። የጮኸ የለም። በር ወርውሮ የወጣ የለም። የስትራቴጂክ ዕቅዱ ረቂቅ ስክሪን ላይ ተከፍቷል። ከላይ የተልዕኳችን ዐረፍተ ነገር አለ፤ «የክርስቶስ ፍቅር ግድ ብሎን ልጆችን ከነቤተሰባቸው እናገለግላለን» የሚለው። እዚህም ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። «የክርስቶስ ፍቅር ግድ ብሎን» የሚለው ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። በቦታው «በሰብዓዊ ርኅራኄ ተነሳስተን» ገብቷል።

ዳይሬክተራችን ስታስረዳ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነው። «ለጋሾቻችን ቋንቋው ሰፋ ቢል ደስ ይላቸዋል። ሥራችን አይቀየርም» አለች። ካልኩሌተር ወደ በጀቱ ገጽ ለመሄድ ተቻኩሏል። አንዷ «እንዲያውም አሁን ለንባብ ይመቻል» አለች። ሰብሳቢው «ተቃውሞ ያለው?» ብሎ ዙሪያውን አየ።

እኔ አለኝ። ንግግሬን አዘጋጅቼ ነው የመጣሁት። መሳፍንት ምዕራፍ ሁለትን ይዤ፣ እግዚአብሔርን ስለማያውቀው ትውልድ፣ ምናምን። አፌን ልከፍት ስል ጋሼ ቀደሙኝ። ስብሰባ ላይ ከ«አሜን» ውጪ እምብዛም የማይናገሩት ጋሼ። መነጽራቸውን አወለቁና «ልጄ፣ ይሄ ነገር ከመሰረዙ በፊት ይሠራ ነበር?» አሏት።

ትንሽ ዝም አለች።

«አይ ጋሼ፣ አይሠራም ነበር» አለች። «ለጋሾቹን ያነሳሁት እናንተ እንዳትቀየሙ ብዬ ነው። እኔ የሰረዝኩት ውሸት ስለመሰለኝ ነው።»

ውሸት ስለመሰለኝ!

በቃ፣ የኔ ንግግር ኪሴ ውስጥ ቀረ። ምን ልበል? ለጋሽ ገፋን ብትል ኖሮ መልስ ነበረኝ። ለጋሽን መውቀስ ቀላል ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ የለማ። ውሸት ነው ስትል ግን ወደየት ትዞራለህ? ወደ ግድግዳው ነው ያየሁት። ግድግዳው ላይ ደግሞ ያው ዐረፍተ ነገር በፍሬም ተሰቅሏል። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

ጋሼ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ተናደው ይሁን ተደስተው እስካሁን አልገባኝም። ሰብሳቢው «ለሚቀጥለው እናቆየው» አለና ወደ በጀት ገባን። ካልኩሌተር ደስ አለው።

ቆይ፣ የሷን ነገር ልከተል። ምን ማለቷ ነበር? የጠዋቱን ጸሎት ውሰዱ። ሲጀመር ሰው ለሰው የሚጸልይበት ነበር። አሁን ግማሹ ማስታወቂያ ነው። የመኪና ስምሪት፣ የዓመት ፈቃድ፣ «ሪፖርት ያላስገባችሁ»፣ በመጨረሻ አንድ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ «ይህን ቀን ባርክልን»። የሩብ ዓመት ሪፖርት ቅጹን ውሰዱ። የሠለጠኑ፣ የተመረመሩ፣ ትምህርት የጀመሩ፣ ወንድ፣ ሴት፣ ድምር። ፍቅር ግድ ያለው ሰው የሠራው ሥራ የሚገባበት ሣጥን የለም። ሊኖርም አይችልም ይሆናል። ግን ያልተጠየቀ ነገር ሳይታወቅ ይቀራል። ሠራተኛ ሞኝ አይደለም፤ አለቃው ምን እንደሚጠይቀው ያውቃል፣ እሱን ያዘጋጃል።

ስለዚህ እሷን እንደ ከሃዲ ማየት አልቻልኩም። ከሁላችንም በላይ ተልዕኮውን የምር የወሰደችው እሷ ትሆን? እሺ፣ ይሄ ትንሽ አበዛሁት። የምር የወሰደችው ከሆነ ለምን አላስተካከለችውም? መሰረዝ ይቀላል። ደግሞ በጸጥታ ነው የሰረዘችው። ጋሼ ባይጠይቁ ኖሮ ምክንያቱን ትነግረን ነበር? እንጃ።

ስለ ስም ለውጥ ሲነሳ ሰው ሁሉ ወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበርን ይጠቅሳል። በ1844 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምላችሁ) ጆርጅ ዊሊያምስና ጓደኞቹ ለንደን ውስጥ የጀመሩት ለጸሎትና ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2010 ከእንግሊዝኛ ምህጻሩ ከYMCA የመጀመሪያዋ ፊደል ተወስዳ «ዋይ» ብቻ ተብሎ እንዲጠራ ተወሰነ። የክርስቲያን ልጆች ፈንድም በ2009 «ክርስቲያን» የሚለውን ትቶ ቻይልድፈንድ ኢንተርናሽናል ሆነ። ስብከት ላይ እነዚህ ሲነሱ «አያችሁ፣ ከዚህ ነው የሚጀምረው» ይባላል። እኔ ግን ከዚህ የሚያልቅ ነው የሚመስለኝ። ፊደሉ የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ስንት ቅጥር፣ ስንት በጀት አልፏል። የአንድ የቦርድ አባል ወንበር ሲለቀቅ «ማን ገንዘብ ያመጣልናል?» ተብሎ ሲሞላ ማንም ስብከት አይሰብክም።

ደግሞ ሁሉም የቋንቋ ጥንቃቄ ሽሽት አይደለም። በ1994 የወጣው የአደጋ ጊዜ እርዳታ ሥነ ምግባር ደንብ፣ የቀይ መስቀሉ፣ እርዳታ የሃይማኖት አቋምን ማራመጃ አይሆንም ይላል። ያንን ደንብ ካወጡት ውስጥ የካቶሊኮቹ ካሪታስ አለበት፣ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አለበት፣ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤትም አለበት። የራሳችን ሰዎች ናቸው እኮ! የተራበን ሰው «መጀመሪያ እጅህን አንሳና ጸልይ» ማለት ነውር ስለሆነ ነው። እኔም እዚህ ላይ ከነሱ ጋር ነኝ። ግን ይሄ ስለሚቀበለው ሰው ነው። የምንሰጠው እኛ ለምን እንደተነሳን እርስ በርሳችን መነጋገር እንድናቆም ማንም አላለንም። ሁለቱን እያምታታን ይመስለኛል። ወይም እየተመቸን ነው የምናምታታው።

ነህምያን አነበብኩ። እህቴ «አሁንም ነህምያ?» እንደምትል አውቃለሁ። አዎ፣ አሁንም። ግን የኢየሩሳሌም ቅጥር የተሠራበትን አይደለም፤ ምዕራፍ 13ን። ሰው ቅጥሩ ካለቀ በኋላ መጽሐፉን ይዘጋዋል።

ነህምያ ወደ ፋርሱ ንጉሥ ወደ አርጤክስስ ተመልሶ ሄዶ ነበር። ሲመጣ ምን ያገኛል? ጦብያ ቤተ መቅደሱ ውስጥ ክፍል ተሰጥቶታል። ጦብያ! ቅጥሩ ሲሠራ «ቀበሮ ቢወጣበት ያፈርሰዋል» ብሎ የቀለደባቸው ሰውዬ። የሰጠው ደግሞ ጠላት አይደለም። ካህኑ ኤልያሴብ ነው፤ የጓዳዎቹ ኃላፊ፣ የጦብያ ወዳጅ። ነህምያ ተናዶ የጦብያን ዕቃ በሙሉ ወደ ውጭ ወረወረ። ይሄን ክፍል ሰባኪዎች ይወዱታል። መሪ ማለት እንዲህ ነው፣ ወርውር! እኔም እወደው ነበር፤ ንግግሬ ውስጥም ነበር።

አሁን ግን የያዘኝ ጓዳው ነው። ያ ክፍል እኮ የእህል ቁርባን፣ ዕጣን፣ አሥራት የሚቀመጥበት ነው። ሞልቶ ቢሆን ጦብያ የት ይገባ ነበር? ትንሽ ወረድ ስትሉ ሌዋውያኑ፣ የቤተ መቅደሱ አገልጋዮች፣ ከአሥራቱ ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው ወደየእርሻቸው ሄደዋል ይላል። እኔ እንደማነበው ጓዳው አስቀድሞ ባዶ ነበር። ኤልያሴብም ምናልባት፣ አላውቅም፣ ምናልባት «ባዶ ከሚቀር» ብሎ ይሆናል። እኔ ብሆንስ? ባዶ ክፍል አለ፣ ሰውዬው ሀብታም ነው፣ ዘመድ ነው…

ነህምያ ከወረወረ በኋላ ክፍሉን አነጻ፣ ዕቃውን መለሰ። ሌዋውያኑን ሰብስቦ በየቦታቸው አቆመ። ሹሞቹን ተጣላ። በዕቃ ቤቱ ላይ ሰዎች ሾመ፤ ታማኝ ስለነበሩ ነው የሾማቸው፣ ሥራቸውም ለወንድሞቻቸው ማካፈል ነበር። ይሄ የሎጂስቲክስ ሥራ ነው! ካልኩሌተር የሚሠራው ሥራ! እንግዲህ ካልኩሌተርን ሳማው ኖሬ ምናልባት ጓዳው የሚሞላው በሱ በኩል… አይ፣ ይሄን እንዳይሰማ።

እና ቀዩ መስመርስ? ዐረፍተ ነገሩን መልሰን ብናጸድቅ ጋሼ ደስ ይላቸዋል፣ ግድግዳው ላይ ያለውም ፍሬም አይወርድም፣ የጠዋቱ ጸሎት ስለ መኪና ስምሪት ይቀጥላል። ብንሰርዘው ደግሞ… አንዳንድ ቀን ዐረፍተ ነገሩ ባይፈጸምም መኖሩ ራሱ የሚወቅሰን ነገር ይመስለኛል። የሚወቅሰን ይኑር እላለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ፣ ተላምደነው አይወቅሰንም፣ ጌጥ ሆኗል እላለሁ። ዛሬ የትኛው ቀን እንደሆነ አልለየሁም።

ደሞ ሌላ ነገር አለ። የሷ የሥራ ዘመን እያለቀ ነው። ይሄን መናገር ይቻል ይሆን? ይቻላል፣ ሁሉም ያውቃል። የቅጥር ማስታወቂያውን እኔ ነኝ የማረቀው። የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ የኮምፒውተር ችሎታ፣ እነዚህን ጽፌያለሁ። ቀጥሎ ያለው መስመር ላይ ነው የቆምኩት። «ጠንካራ መንፈሳዊ ሕይወት ያለው/ያላት» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት፤ ማን «የለኝም» ብሎ ያመለክታል? እንደሷ «ውሸት ነው» የሚል ሰው እንፈልጋለን ብዬ ልጽፍ አልችልም። ቃለ መጠይቅ ላይ ምን ብዬ ብጠይቅ ነው እንዲህ ያለው ሰው… እናንተ ቦርድ ውስጥ ያላችሁ፣ ምን ትጠይቃላችሁ? የምሬን ነው፣ ጻፉልኝ። ስለ ወንበሩ ግን አይደለም። የእንቅልፉን በሚቀጥለው እናወራለን፤ ካልሆነም…