ደብተሩን ሳይሆን ልጁን ጠይቁ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ስልክ የደወሉልን አድማጮች አብዛኞቹ የጠየቁት ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ልጆች አጠናን ነው። መልስ የሰጡን ለረጅም ዓመታት ያስተማሩና መምህራንን ያሠለጠኑ ባለሙያ ናቸው።

«ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው። ሀሁን በቃሉ ይወጣዋል። መጽሐፍ ስሰጠው ግን ማንበብ አይችልም። ሰነፍ ሆኖ ነው?» (እናት፣ ከጎንደር)

መጀመሪያ «ሰነፍ» የሚለውን ቃል ከቤት ያውጡልኝ። ልጅዎ የያዘው ዜማውን ነው። ሀ ሁ ሂ እያለ ሲወርድ አንዱ ፊደል ቀጣዩን ይጠራለታል። ነጥለው «ጉ የቷ ናት?» ቢሉት ግን ይጠፋበታል። ይሞክሩት። ገበታውን ሸፍነው አንድ ፊደል ብቻ ያሳዩት። ከዚያ የሚያውቃቸውን ፊደሎች ካርቶን ላይ ጽፈው ይቁረጡለትና ቃል ይሥራባቸው፦ ላም፣ ቤት፣ የራሱን ስም። ነን ከኘ፣ ደን ከጀ የሚያምታታ ልጅ ብዙ ነው። ጎን ለጎን ያስቀምጡለትና ልዩነቱን ራሱ ያግኘው። በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል። ማታ ደግሞ አጭር ታሪክ ያንብቡለትና መልሶ በራሱ ቃል ይንገርዎት።

ደብተሩ በራይት ስለተሞላ አይታለሉ፤ ከሰሌዳ መገልበጥ ማንበብ አይደለም። ደብተሩን ሳይሆን ልጁን ይጠይቁ። አንድ ሁለት ወር ሞክረው ለውጥ ካላዩ ዓይኑንና ጆሮውን ያስመርምሩ። ሰሌዳው ስለማይታያቸው ብቻ ወደ ኋላ የሚቀሩ ልጆች አሉ።

«ልጄ ከ3ኛ ወደ 11ኛ ወረደች። ምን ላድርግ?» (አባት፣ ከአዳማ)

ደረጃውን ይተዉትና የትኛው ትምህርት እንደከበዳት እሷን ይጠይቋት።

«መምህር ነኝ። አንድ ክፍል ውስጥ 70 ተማሪ አለኝ። ተማሪውን አሳትፉ እንባላለን። በ40 ደቂቃ እንዴት ይሆናል?» (ከደሴ)

ልፋትዎ ይገባኛል። 70 ልጅ ፊት መቆም ቀላል ሥራ አይደለም። ግን ደቂቃዎቹ የት እንደሚሄዱ አንድ ቀን ይመልከቱ። በብዙ ክፍሎች ብዙው ጊዜ የሚያልቀው ኖት በመገልበጥ ነው። ኖቱን ያሳጥሩት። መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ነገር ሰሌዳ ላይ ደግመው አይጻፉ።

ተማሪዎችን በአንድ ጎበዝ ልጅ ሥር «አንድ ለአምስት» እያልን በቡድን ስናደራጅ የሆነውንም ያውቁታል። ጎበዙ ይሠራል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ይጽፋሉ። እኔ የምመክረው ከዚያ ያነሰ ነው። አንድ ጥሩ ጥያቄ ይጠይቁ። አንድ ዴስክ ላይ ያሉ ልጆች ለሁለት ደቂቃ ይነጋገሩበት። ከዚያ እጁን ያላወጣውን ይጥሩ፤ የሚጠየቀውም የራሱን ሐሳብ ሳይሆን ጓደኛው ያለውን ይሁን። ይህ ፍርሃቱን ይቀንስለታል። የተሳሳተ መልስ ሲመጣ «ቁጭ በል» አይበሉ። «እንዴት እዚያ ደረስክ?» ይበሉት። ያ ስህተት የ30 ልጅ ስህተት ሊሆን ይችላል። ተማሪዎቹ ሊወጡ ሲሉ የገባቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ሁሉን ማረም አይጠበቅብዎትም። አሥሩን ካነበቡ ነገ ከየት እንደሚጀምሩ ያውቃሉ።

«11ኛ ክፍል ነኝ። ወርክሺቶቼን ስልኬ ላይ በኤአይ ነው የምሠራው። ውጤቴም ጨምሯል። ችግር አለው?» (ተማሪ፣ ከሐዋሳ)

አለው ልጄ። የጨመረው የወርክሺቱ ውጤት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና አዳራሽ ስልክ ይዘህ አትገባም። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ፈተናዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኝ 3 ገደማ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5 ገደማ ሆኑ። የወደቁት ሁሉ እኮ 12ኛ ክፍል የደረሱት የክፍል ፈተና እያለፉ፣ ደብተር ሞልተው ነው።

ስልኩን ጣለው አልልህም። መጀመሪያ ራስህ ሞክር። ሲያቅትህ መልሱን ሳይሆን የመጀመሪያውን እርምጃ ብቻ ጠይቀው። ጨርሰህ «አሁን አንተ ፈትነኝ» በለው። የሚነግርህንም ከመጽሐፍህ ጋር አመሳክር፤ በድፍረት ይሳሳታል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ የምንለው በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ትምህርት ገብቶ ነበር። ትምህርቱ ጥሩ ተዘጋጅቶ ይሆናል፤ ግን «አልገባኝም» ሲሉት አይቆምም ነበር። ያንተ መሣሪያ ይቆማል፣ ይመልሳል። ያንን ዕድል ለመገልበጥ አታውለው።

«ልጄ 5ኛ ክፍል ነው። ሒሳብ ሳስጠናው አልገባ ሲለው በቀበቶ እገርፈዋለሁ። ለመምህሩም ቢገርፉት ፈቅጃለሁ። እኛም ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው።» (አባት፣ ከአዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ ደውለው በግልጽ መናገርዎን አከብራለሁ። ግን ዛሬ ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው፤ ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣል።

መምህሩ እንዲገርፍ መፍቀድ የእርስዎ ሥልጣን አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት አካሉን ከሚጎዳና ጭካኔ ካለበት ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ ሕግ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የወላጅ ፈቃድ አይሽረውም።

አሁን ወደ ቤትዎ ልምጣ። ልጅ ሲፈራ የሚያስበው ስለ ክፍልፋዩ አይደለም፤ ስለ ቀበቶው ነው። ሒሳብ ደግሞ ቁጥር በአእምሮ ይዞ ማሰላት ይፈልጋል። በፍርሃት የተያዘ ልጅ የሚያውቀውም ይጠፋበታል። እርስዎ «እያወቀ ያሾፍብኛል» ይላሉ፣ ደግመው ይመታሉ። እሱ ከዚያ የሚማረው መደበቅ ነው። ከጓደኛው ይገለብጣል፣ የፈተና ወረቀት ቀዶ ይጥላል፣ «ገባህ?» ሲሉት «አዎ» ይላል። ያ «አዎ» ትምህርቱን ይገድለዋል። «አልገባኝም» ማለት የሚፈራ ልጅ ክፍል ውስጥም እጁን አያወጣም። ነገ ሥራ ላይም አይጠይቅም። ዛሬ ደግሞ ሙያው ሁሉ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ እየጠየቀ አዲስ ነገር የማይማር ሰው በምን ይኖራል?

«ተገርፈን ሰው ሆንን» ላሉት፦ ተገርፈው ትምህርት ጠልተው የቀሩት አይደውሉልንም። ሰው የሆናችሁት ዱላው እያለ ነው እንጂ በዱላው አይደለም። ደግሞ ዱላ ስል ቀበቶ ብቻ አይደለም። ጆሮ ላይ የሚያርፍ ጥፊ ታምቡር ሊቀድ ይችላል። ማንበርከክ፣ በሰው ፊት «ደደብ» ማለት፣ ከእህቱ ጋር ማወዳደር፣ ሁሉም አንድ ናቸው።

ታዲያ ምን ያድርጉ? ንዴቱ ሲመጣ ተነሥተው ይውጡ፤ ውኃ ይጠጡ። ሲመለሱ የ5ኛ ክፍሉን ዝጉትና የ3ኛ ክፍል መጽሐፍ ያምጡ። ክፍልፋይ ያቃተው ልጅ ብዙ ጊዜ ማባዛትና ማካፈል ላይ ነው የተሰናከለው። የሚችለው ጋ እስኪደርሱ ይውረዱ፣ ከዚያ አብረው ይውጡ። ዳቦ ቆርሰው ሩብና ግማሹን በእጁ ይያዘው። አንድ ጥያቄ ሲሠራ «አሁን አንተ አስተማሪ፣ እኔ ተማሪ» ብለው ያስረዳዎት። ካስረዳ ገብቶታል፤ ካላስረዳ፣ ደብተሩ ምንም ቢል አልገባውም። ትዕግሥቱ ከሌለዎት ማስጠናቱን ለእናቱ ወይም ለሌላ ሰው ይስጡ። ቀበቶውን ግን ዛሬ ማታ ያቁሙልኝ።

«የምንኖረው አሜሪካ ነው። ልጆቼ እንግሊዝኛቸው እንዲጠነክር ቤት ውስጥ አማርኛ ልተው?» (እናት፣ ከሜሪላንድ)

አይተዉ። እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤትና ከጓደኞቻቸው ያገኙታል። አማርኛውን ከእርስዎ በቀር ማን ይሰጣቸዋል? በሚያውቁት ቋንቋ ተረት የሚሰሙ፣ የሚጠይቁ፣ የሚከራከሩ ልጆች ያንን ችሎታ ወደ ሁለተኛው ቋንቋም ይወስዱታል። ልጃቸውን አማርኛ እንዳይናገር የሚከለክሉ የአዲስ አበባ ወላጆችም ይስሙኝ። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እየተንበለበለ የሚያነብ ልጅ ይዘው ሲመጡ «ምን አነበብክ?» እለዋለሁ። ዝም ይላል። ልጁን ጠይቁ፣ ልጁን።

«ልጄ 7 ዓመቱ ነው። በትምህርት ቀን ጠዋት ሆዴን ይላል፣ ያስመልሰዋል። ቅዳሜና እሑድ ደህና ነው።» (እናት፣ ከባሕር ዳር)

አስመስሎ ነው ብለው አይለፉት። መጀመሪያ የሕፃናት ሐኪም ጋ ይውሰዱት። ከዚያ ሳይቆጡ፣ አብረው እየተጫወቱ፣ ትምህርት ቤት ወይም መንገድ ላይ የሚመታው ወይም የሚያስፈራው ሰው እንዳለ ይጠይቁት። አለ ካለ በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ጋ ይግቡ። የለም ካለና ሕመሙ ከቀጠለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይየው። ይህንን በስልክ ልመልሰው አልችልም። ነገ ሐኪም ጋ ይሂዱ።